የማይሞት ባለቤት

በ2081 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ አቶ ያብስራ ባረፉ በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ወርቅማ ጃኬት የለበሰች ወጣት የእትዬ ኤፍራታን በር አንኳኳች። ጫማዋን ደጅ አወለቀች። አንገቷን ደፍታ ገብታ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ለደቂቃ ያህል ዝም አለች። ለቅሶ መድረስ የምታውቅ ልጅ ናት፤ ኩባንያው ሦስት ወር ያሠለጥናቸዋል።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እማማ» አለች።

«አሜን፣ የኔ ልጅ። ይቅርታ፣ አላወቅሁሽም።»

«ኖላዊት እባላለሁ። የወርቅማ ዲስክ የአርባ ተወካይ ነኝ።»

እትዬ ኤፍራታ የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡ። የአርባ ተወካይ ምን እንደሆነ በዚህ ዘመን የማያውቅ የለም። ዲስክ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይሞታል። ውሉ ላይ «ለዕድሜ ልክ የእርስዎ ነው» ተብሎ ተጽፏል፤ ሰው ሲገዛ ግን የራሱን ዕድሜ ልክ በጣም ረጅም አድርጎ ነው የሚገምተው። ተወካይዋ ከአርባው በፊት አንድ ቀን መጥታ ታስታውሳለች፣ በአርባው ዕለት ደግሞ ዲስኮቹን ሰብስባ ትሄዳለች። ተፎካካሪው ብርማ ዲስክ የሚሰበስበው በሰልስቱ ነው። በዚህ የተነሳ ወርቅማ በየአደባባዩ «ባህላችንን የሚያከብር ዲስክ» እያለ ያስተዋውቃል፤ ሕዝቡም ልዩነቱን ቀላል አድርጎ አላየውም።

ሁለቱ ዲስኮች የመጡት ሰማዩ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ድሮ ሰው ፊልሙንም፣ ፎቶውንም፣ የልጁን የመጀመሪያ እርምጃም ሰማይ ላይ፣ «ደመና» በሚሉት ማከማቻ፣ ነበር የሚያስቀምጠው። በ2056 ዓ.ም. አንድ ረቡዕ ዕለት አስቀማጩ ድርጅት «ላደረጋችሁልን ትብብር እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ልኮ በሩን ዘጋ። ሕዝቡ አዘነ፣ ተሰበሰበ፣ «ከእንግዲህ በእጃችን የምንጨብጠው ነገር ይሁን» አለ። ሁለት ኩባንያዎች ሰሙት። አንዱ ወርቅማ፣ ሌላው ብርማ ዲስክ ይዞ መጣ። መፈክራቸው አንድ ነበር፦ «በእጅዎ ነው። የእርስዎ ነው።» ሥዕላቸውም አንድ፣ ድምፃቸውም አንድ፣ መጠናቸውም አንድ ነው። ልዩነታቸው የወርቅማ ማጫወቻ ብርማ ዲስክ ከተሰጠው መዋጡ ነው፤ የብርማውም እንዲሁ ነው። የተዋጠ ዲስክ አይመለስም። ማጫወቻው የይቅርታ ወረቀት ያትምና ዝም ይላል።

ከዚያ ወዲህ ቤት ሁሉ ወይ ወርቅማ ነው ወይ ብርማ። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ፣ ዘር ማንዘር መቁጠሩ ቀርቶ «ቤታችሁ ምንድን ነው?» ነው የመጀመሪያው ጥያቄ። የእትዬ ኤፍራታ ልጅ ሶሊያና ብርማ ቤት ስትገባ ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ገላን በሚገኘው ብሎክ አርባ ሁለት ሕንፃ፣ ከደረጃው በስተቀኝ ያሉት ወርቅማዎች፣ በስተግራ ያሉት ብርማዎች ናቸው። በልደትና በበዓል ቀኝ ከቀኝ፣ ግራ ከግራ ይጠራራሉ። በጋራ የቀራቸው እድሩ ብቻ ነው፤ መቀበር ሁለቱም ወገኖች ያስፈልጋቸዋል።

«ስንት ዲስክ ነው ያለዎት፣ እማማ?» ኖላዊት ወረቀቷን አወጣች።

«ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንዱን አሁኑኑ ውሰጂልኝ።»

የምራቸውን ነው። ፊልሞቹ ከማጫወቻው ጋር በየሳምንቱ እየተነጋገሩ ራሳቸውን ያድሳሉ። ባለፈው ዓመት በመጨረሻው ትዕይንት ላይ የምትሞተው ልጅ ዘንድሮ አትሞትም፤ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ስፖንሰር ሆኗል። ሌባው መጨረሻ ላይ ይታሰር የነበረው አሁን ባንክ ውስጥ ተቀጥሮ ደስ ብሎት ይኖራል። እትዬ ኤፍራታ ፊልም አይተው ካለቀሱ ስንት ዓመታቸው ነው።

«ሠላሳ ሁለተኛውስ?»

«ሠርጌ ነው።»

ኖላዊት ወረቀቷ ላይ ፈለገች። «አዎ፣ አለ። ‹ሙዚቃዊ የፍቅር ፊልም፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ›።»

«ፊልም አይደለም፣ ልጄ። የኔና የያብስራ ሠርግ ነው።»

«ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ከሥር የገባው ሙዚቃ የፊልም ሙዚቃ ነው፣ እማማ። ስለዚህ ፊልም ነው።»

ጥፋቱ የቪዲዮ ባለሙያው ነበር። በ2038 ዓ.ም. ቪዲዮ የሚያነሳ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ ሙሽራ ስትወጣ ከሆነ ፊልም ላይ የሰማውን ዋሽንት ከሥር ይለጥፋል፣ ሙሽራዋም በቀስታ ትራመዳለች። የፊልም ሙዚቃ የወርቅማ ንብረት ስለሆነ፣ ሠርጉ ቤት ከነበረ አሮጌ ቅጂ ወደ ዲስክ ሲገለበጥ ያቺ አንዲት ደቂቃ ተኩል ዋሽንት በሙሉ ለወርቅማ አስረከበችው። ከዚያ ወዲህ ሠርጉም ይታደሳል። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ለስላሳ መጠጦች በየዓመቱ ስማቸውን ይለውጣሉ፤ አቶ ያብስራ በሕይወት ሳሉ «ዘንድሮ ምን ጠጣን?» እያሉ ይስቁ ነበር።

እትዬ ኤፍራታ ሦስት ሰዓቱን ሁሉ አይፈልጉትም። የሚፈልጉት ሁለት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ላይ ያለችውን ቅጽበት ነው። ጭፈራው ጦፏል፣ ሙሽራው ላቡን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ግራ ቀኝ ይገላመጣል፣ ፊቱ ድንገት ድንግጥ ይላል፣ «የት ሄደች?» ይላል። ሙሽራዋ አጠገቡ፣ ከክንዱ ሥር ናት። ዞር ሲል ያያታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሳቅ ነው። አቶ ያብስራ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በሕመም አልጋ ላይ ሲያሳልፉ እንደዚያ ስቀው አያውቁም፤ እትዬ ኤፍራታም ያንን የታመመውን ፊት ብቻ ይዘው መቅረትን ከሞት እኩል ፈሩት። ስልክም ሆነ ካሜራ ወርቅማ ሥዕል ሲያይ ዓይኑን ስለሚጨፍን ቀድተው ማስቀረት አልቻሉም። ልጃቸው ቤት እንዳይወስዱት የሶሊያና ማጫወቻ ብርማ ነው፤ ይውጠዋል።

«በእኔ ስም አዙሩልኝ» አሉ።

«ይቻላል! እድሳት ይባላል።» ኖላዊት ደስ አላት። «አንድ ነገር ብቻ አለ። ሟች ለአዲሱ ቅጂ ፈቃድ መስጠት ስለማይችሉ፣ እሳቸው ባሉበት ቦታ ሁሉ ፈቃደኛ ተዋናይ ይተካል። ናሙናውን ላሳይዎት።»

አሳየቻቸው። ሙሽራዋ ራሳቸው ናቸው፣ ቬሎውም ያው ነው። አጠገባቸው ግን አንድ ትከሻው ሰፊ፣ ጥርሱ የተሟላ፣ ረጅም ሰው ቆሟል። ኬኩን ያጎርሳቸዋል፣ እሳቸውም ዓይን ዓይኑን እያዩ ይስቃሉ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ኤፍራታ። «ይሄ ማነው?»

«ብዙ ባለትዳሮች ወደውታል፣ እማማ። ቁመቱ ከበዛብዎት ማሳጠር ይቻላል።»

እትዬ ኤፍራታ በሰባ ዓመታቸው ከማያውቁት ጎልማሳ ጋር እንደማይጋቡ ነገሯት። ኖላዊት ተነሳች፣ በድጋሚ እግዜር ያጥናዎት አለች፣ «እንግዲህ በአርባው» ብላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

በሠላሳኛው ቀን የእድሩ ዳኛ ጋሽ ማክቤል አንድ አግዳሚ ጎድሎባቸው ሊፈልጉ መጡ። ጋሽ ማክቤል ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ በቃላቸው ይወጡታል፣ በሰው ቤት ያለ አግዳሚ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። አግዳሚው ኖላዊት የተቀመጠችበት ነበር። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ እትዬ ኤፍራታ ሲያለቅሱ አዩ።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ አግዳሚውን ተይው፤ ነገ እወስደዋለሁ።»

«አግዳሚው አይደለም፣ ጋሼ» ብለው ነገሩን ሁሉ ተረኩላቸው። ጋሽ ማክቤል መነጽራቸውን አውጥተው ውሉን ጠየቁ። ሰው ውል አያነብም፤ እሳቸው ግን ሌላው ሰው ጋዜጣ በሚያነብበት ስሜት ነው የሚያነቡት። ሻይ ቀዘቀዘ፣ ተለወጠ፣ ደግሞ ቀዘቀዘ። ገጽ ዘጠና አንድ ላይ ጣታቸውን አቆሙ።

«‹ተጠሪ› ይላል እዚህ። ‹ባለቤቱ ሲሞት ዲስኩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጋራ ባለቤት ለሆነው ተጠሪ ይጸናል፤ ተጠሪው በሕይወት እስካለ ድረስ።›»

«ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን ተጠሪ አይኖረውም?»

«ቀጥሎ ነዋ። ‹ተጠሪው ከባለቤቱ በዕድሜ የሚበልጥ መሆን ይኖርበታል።› ተንኮላቸው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም አባቱን ወይ ታላቅ ወንድሙን ጽፎ፣ ተጠሪው ቀድሞት ሞቷል።» ገጹን ገለጡ። «ያብስራ ማንን ጻፈ?»

ጎንበስ ብለው አብረው አዩት። አቶ ያብስራ በዚያች ጠባብ መስመር ላይ፣ በደማቅ እስክሪብቶ፣ «የብሎክ 42 እድር» ብለው ጽፈዋል።

አገሩን ለሚያውቅ ነገሩ አይደንቅም። ቅጽ ላይ «አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይጠራ?» የሚል ጥያቄ ያየ የብሎክ አርባ ሁለት ሰው ሁሉ እድሩን ነው የሚጽፈው፤ አንድ ነገር ቢሆን ድንኳን ይዞ የሚመጣው እሱ ነውና። በእርግጥ አቶ ያብስራ ሌላ የሚጽፉት ሰው ነበራቸው። ጋሽ ኤልያብ በሁለት ዓመት ይበልጧቸዋል፣ ሚዜያቸው ነበሩ፣ በራቸው ፊት ለፊት ነው። ግን ቅጹ በተሞላበት ወር ጋሽ ኤልያብ ብርማ ገዝተው ነበር። «ወርቅማ ሁለት ዓመት አይቆይም» አሉ። «ብርማ ዓመት አይደፍንም» ተባሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ጓደኛሞች ደረጃ ላይ ሲተላለፉ አንዱ የአንዱን ዲስክ ክስረት እየጠበቀ ሃያ ዓመት አለፈ። ሁለቱም ኩባንያዎች አልከሰሩም።

«እድሩ የተመሠረተው በ2004 ነው» አሉ ጋሽ ማክቤል ቀስ ብለው። «ያብስራ የተወለደው በ2009። እድሩ ይበልጠዋል!»

«እድር ደግሞ አይሞትም» አሉ እትዬ ኤፍራታ።

«ምን ሲደረግ! ቀባሪው እሱ ሆኖ!»

በአርባው ዕለት ኖላዊት ስትመጣ ጋሽ ማክቤል ማህተማቸውን፣ የምሥረታ ቃለ ጉባኤውንና ሦስት ምስክሮች ይዘው ጠበቋት። ልጅቷ መሣሪያዋን አወጣችና የሚጠይቃትን እየሞላች ሄደች። የተጠሪ ስም፦ እድር። የትውልድ ዘመን፦ 2004። በሕይወት አለ? አለ። ከዚያ መሣሪያው የተጠሪውን ፊት ፎቶ ጠየቀ። ጋሽ ማክቤል አልደነገጡም፤ ትልቁን የእድር ድስት አስመጡ። ድስቱ ክብ ነው፣ ሁለት ጆሮ አለው፣ ከሥሩ በኩል በአንድ ወገን አሯል። መሣሪያው ለጥቂት ሰከንዶች አሰበና «እናመሰግናለን፣ አቶ እድር» አለ። ኖላዊት ሠላሳ አንዱን ዲስክ ብቻ ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ከወርቅማ ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ለክቡር ደንበኛቸው ለአቶ እድር ብሎክ አርባ ሁለት መልካም ጤንነትና ረጅም ዕድሜ ይመኛሉ።

እትዬ ኤፍራታ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሐዘን ላይ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ጋሽ ማክቤልም ዲስኩን ከማጫወቻው አውጥተው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ኪሳቸው ከተቱት።

«ወዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ወደ መጋዘን።»

«የምን መጋዘን? ሠርጌ እኮ ነው!»

«የእድሩ ንብረት ነው፣ እትዬ። አንቀጽ አሥራ አራት፦ የእድሩ ንብረት ለሐዘን ካልሆነ በቀር ከመጋዘን አይወጣም።»

«ለኔ እንኳ?»

ጋሽ ማክቤል መለስ ብለው ድስቱን አዩት፣ እትዬ ኤፍራታም አዩት። በ2049 ዓ.ም. አንድ አባል ያንን ድስት ለልጁ ሠርግ ወስዶ አሳርሮ መለሰው። የዚያን ጊዜ የእድሩ ንብረት ክፍል የነበሩት ወጣቷ ኤፍራታ ያረረውን ድስት ጉባኤው መሀል ይዘው ገብተው፣ «ነግ ደግሞ ድንኳኑን ለምርቃት ትወስዱታላችሁ!» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቅቀው፣ አንቀጽ አሥራ አራትን በሙሉ ድምፅ አጸድቀዋል። «ያለ ምንም ልዩነት፣ ለማንም» የምትለዋን ሐረግ ያስገቧት ራሳቸው ናቸው።

«ማጫወቻውንም ልውሰደው» አሉ ጋሽ ማክቤል። «ያለ ዲስኩ ምን ያደርግልሻል?»

እንዲህ ሆኖ እትዬ ኤፍራታ ባላቸውን ለማየት ሰው እስኪሞት መጠበቅ ጀመሩ።

ብዙ አልጠበቁም። ሐምሌ ላይ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ሴትዮ አረፉ። የእድሩ ንብረት በዝርዝሩ መሠረት አንድም ሳይቀር ይወጣልና፣ ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚዎቹና ከድስቶቹ ጋር ዲስኩም ወጣ። ለቀስተኛው ድሮ ካርታ እየተጫወተ ነበር የሚያመሸው፤ አሁን ከድንኳኑ ጫፍ ነጭ ጨርቅ ተወጠረና የእትዬ ኤፍራታ ሠርግ በቀን ብርሃን፣ ከምሳ በኋላ ተከፈተ። የሠርግ ዘፈን ሐዘን ቤት ነውር ነው። ስለዚህ ጋሽ ማክቤል የሟች ቤተሰብ ካልፈቀደ በቀር ድምፅ እንደማይከፈት ወሰኑ። ብርማዎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረባቸው፤ ወርቅማ ሥዕል ሲያዩ የተገኙ እንደሆነ ቤታቸው ያለው ማጫወቻ ሰባት ቀን ያኮርፋል፣ ምንም ቢሰጡት አይከፍትም። ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ጨርቅ አዙረው ተደረደሩ።

እትዬ ኤፍራታ ከፊት ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃው ደረሰ። ያብስራ ላቡን በእጅጌው ጠረገ፣ ግራ ቀኝ ተገላመጠ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም። እትዬ ኤፍራታ ቃሉን ራሳቸው በለሆሳስ አሉለት፣ ከዚያም እንባቸው ወረደ። ለቀስተኛው «ከሟቿ ጋር እንዲህ የሚዋደዱ አይመስልም ነበር» አለ።

እንባቸውን ሲጠርጉ ዓይናቸው ጋሽ ኤልያብ ላይ አረፈ። ሽማግሌው ከብርማዎቹ መሀል፣ ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው፣ አንገታቸው እንደ ችካል ቀጥ ብሎ ተቀምጠዋል። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ከሙሽራው ኋላ ያው ኤልያብ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሚዜ ሆኖ፣ ከረባቱን ግንባሩ ላይ አስሮ ይዘላል።

ከዚያ በኋላ ነው አጥሚቱ የተጀመረው። እትዬ ኤፍራታ ሕንፃው ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንዳለ ከሰሙ፣ አጥሚት አፍልተው በፔርሙስ ይዘው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሰው ደግነታቸውን አመሰገነ። በኋላ ነገሩ ገባው። ጉንፋን የያዘው ሁሉ ሳሉን ማፈን ጀመረ፣ በሩ ሲንኳኳ «እትዬ ኤፍራታ ከሆኑ ደህና ነኝ በያቸው» የሚልም መጣ። እሳቸው በዚህ ተቀየሙ። ማንም እንዲሞት ተመኝተው አያውቁም፤ ከወጉ እንዳይቀሩ ብቻ ነው የታመመ የሚጠይቁት።

ጥቅምት ላይ ጋሽ ኤልያብ ታመሙ። በር ለበር ነው፤ እትዬ ኤፍራታ ግን ያቺን አራት እርምጃ የማታህል መተላለፊያ ሃያ ዓመት አልተሻገሩም። ፔርሙሱን ይዘው ጥቂት ቆሙና አንኳኩ።

ጋሽ ኤልያብ ትራስ ተደግፈው ተኝተዋል። ፔርሙሱን አይተው ፈገግ አሉ።

«መጣሽ? ሐኪሙ ያልነገረኝን አንቺ ነገርሽኝ።»

«ሟርተኛ! ጠጣ ዝም ብለህ።»

ሁለት ጊዜ ፉት አሉ። ጣራ ጣራውን እያዩ፣ «እኔ አለሁበት?» አሉ።

«ምኑ ላይ?»

«ፊልሙ ላይ ነዋ።»

«ሌላ ማን አለበትና! ከያብስራ የበለጠ አንተ ነህ የምትታየው። ከረባትህን ግንባርህ ላይ አስረህ ስትዘል፣ ስትዘል፣ ሱሪህ ከኋላ ተተርትሮ።»

«ውሸት ነው!»

«እናቴ ነጠላዋን አሸርጣህ ነው የጨረስከው። ረሳኸው?»

ጋሽ ኤልያብ እስኪያስላቸው ሳቁ። እትዬ ኤፍራታ ትራሱን ከፍ አደረጉላቸው።

«ያን ጊዜ ድንኳን ውስጥ ዞር ብለህ አታየውም ነበር?»

«ማጫወቻው ሰባት ቀን ያኮርፋል።»

«አንተስ ስንት ዓመት አኮረፍክ?»

ጋሽ ኤልያብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «ቀብሩ ላይ ቆሜ ነበር» አሉ። «ከኋላ። ‹ይኼው ብርማ አልከሰረም› ልለው ፈልጌ ነበር የመጣሁት። አፈር ሲለብስ ግን አፍሬ ሄድኩ። ደጄ ላይ ያለ ሰው አጠፋሁ፣ ኤፍራታ፤ ለፕላስቲክ ስል።»

እትዬ ኤፍራታ እጃቸውን ያዟቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አጥሚቱን ይዘው እየተሻገሩ ሠርጉን በቃል ይተርኩላቸው ገቡ። ማን ምን እንደ ለበሰ፣ ማን እንደ ሰከረ፣ ኬኩ ላይ ማን እንደ ተቀመጠበት። ጋሽ ኤልያብ አንዱን ሦስት ጊዜ ያስደግሟቸዋል። እትዬ ኤፍራታ ጋሽ ማክቤልን ዲስኩን ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲያወጡላቸው ለመኗቸው። ጋሽ ማክቤል ቅር እያላቸው፣ ኤልያብ በሕይወት ስላለ ሐዘን እንደሌለና ደንቡ እንደማይፈቅድ አስረዱ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው እትዬ ኤፍራታን እየሸሸ ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሽ ኤልያብ ትልቁን ልጃቸውን አስጠርተው ወረቀት አስይዘው አስጻፉ። «እኔ ስሞት» አሉ፣ «ድምፁ ይከፈት። የሟች ቤተሰብ ከፈቀደ ይቻላል ተብሏል።» ወደ እትዬ ኤፍራታ ዞር ብለው ደግሞ፣ «እንግዲህ አጥሚትሽ በነፃ አልሆነም» አሉ።

ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ የእድሩ ጥሩንባ ጮኸ። በዚህ ዘመን ሞትን በጥሩንባ መናገር ያልቀረው፣ በስልክ የሚላክ መርዶ ከማስታወቂያ መሀል ስለሚጠፋ ነው። እትዬ ኤፍራታ ከአልጋቸው ዘለው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አደገደጉ፣ ጫማቸውን አጠለቁ። ልባቸው ደስ ብሎታል። በሩን ከፍተው ፊት ለፊት የጋሽ ኤልያብን በር ወለል ብሎ ሲያዩት፣ ማን እንደ ሞተ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዳልጠየቁ ገባቸው። መተላለፊያው ላይ እንደ ቆሙ ራሳቸውን ተጸየፉት። ከዚያ ጮኸው አለቀሱ፤ ይሄኛው ለቅሶ የሳቸው የራሳቸው ነበር።

በሰልስቱ፣ የብርማ ተወካይ መጥቶ የጋሽ ኤልያብን ዲስኮች ሰብስቦ ከሄደ በኋላ፣ ድንኳኑ ውስጥ ነጩ ጨርቅ ተወጠረ። ጋሽ ማክቤል የሟችን ወረቀት ቆመው አነበቡ፣ ቅር ያላቸውን ሽማግሌዎች ገላመጡና ድምፁን ከፈቱት። ከበሮው ድንኳኑን ሞላው። ብርማዎቹ ጀርባቸውን እንደ ሰጡ ናቸው፤ ጆሮን ግን ማዞር አይቻልም። ትከሻቸው አንድ ሁለት እያለ ይነቃነቅ ጀመር።

ሁለት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ላይ ሙሽራው ላቡን በእጅጌው ጠረገ፣ ግራ ቀኝ ተገላመጠ፣ ድንግጥ አለ።

«የት ሄደች?» አለ ያብስራ።

«አጠገብህ ናት፣ አንተ ሰካራም!» አለ ከኋላው ኤልያብ።

ለቀስተኛው በሳቅ ፈረሰ። ድምፁን ያወቁት ብርማዎች አንድ በአንድ ዞሩ፤ መጀመሪያ ትልቁ ልጃቸው፣ ቀጥሎ ጎረቤቶቻቸው፣ በመጨረሻም ድንኳኑ በሙሉ። ከረባቱን ግንባሩ ላይ ያሰረውን ሚዜ አዩት፣ ሱሪው ሲተረተርም አዩት። እትዬ ኤፍራታ «አለሁ» ብለው ጮክ ብለው መለሱ፤ ከሁለቱ ለየትኛው እንደ መለሱ እሳቸውም አላወቁትም።

በማግስቱ ከደረጃው በስተግራ ያሉት ማጫወቻዎች ሁሉ አኮረፉ። ሰባት ቀን ሙሉ ብርማዎቹ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ደጅ ደጁ ላይ ወንበር አውጥተው ሲያወሩ ሰነበቱ፤ ወርቅማዎቹም አብረዋቸው ተቀመጡ። ለአቶ እድርም ከወርቅማ ደብዳቤ ደረሰ። ባሳለፍነው ሳምንት አንድ መቶ አርባ እንግዳ ቤትዎ ጋብዘው ፊልም ስላሳዩ የዓመቱ ምርጥ ቤተሰብ ተብለው ታጭተዋል ይላል። ጋሽ ማክቤል ደብዳቤውን መጋዘን ውስጥ፣ ድስቱ ላይ ለጠፉት።

በስምንተኛው ቀን ማጫወቻዎቹ ታረቁ፣ ወንበሮቹም ገቡ። መተላለፊያው ጭር አለ። እትዬ ኤፍራታ ከምድጃው ፊት ቆመው አጥሚት አፈሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሰኞ ጀምሮ የሚያስላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ ተብሏል።